ከቁም ሙትነት ወደ መኖር፤ የዋታናቤ ሰብእና በሥነ ልቡና ዓይን ሲመረመር

አንድ ፊልም የዋና ገጸ ባሕርዩን ፊት ከማሳየቱ በፊት የጨጓራውን የራጅ ሥዕል ቢያሳይ ተመልካቹ ምን ሊገምት ይችላል? የጃፓኑ ፊልም አዘጋጅ አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. ለሕዝብ ያቀረበው «ኢኪሩ» የተሰኘው ሥራ የሚጀምረው በዚህ ዓይነት ነው። ከበስተጀርባ የሚሰማው የተራኪ ድምፅ ይህ ጨጓራ የባለታሪኩ መሆኑን፣ የነቀርሳ በሽታም እንደ ያዘው፣ ሰውየው ራሱ ግን ገና እንዳላወቀ ይገልጻል። ካሜራው ቀጥሎ ወደ አንድ የማዘጋጃ ቤት ክፍል ይገባና በወረቀት ክምር መካከል የተቀመጠ፣ ማኅተሙን እያነሣ የሚያሳርፍ አንድ ሽማግሌ ያሳያል። ተራኪው ስለዚህ ሰው አሁን ማውራት አሰልቺ ነው ይላል፤ ምክንያቱም ሰውየው ጊዜን ከመግደል በቀር የሚሠራው ነገር የለም፤ እንዲያውም ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። አማርኛ ለእንዲህ ያለው ሰው ስም አያጣም፤ «የቁም ሙት» ይለዋል።

«ኢኪሩ» በጃፓንኛ «መኖር» ማለት ነው። ድርሰቱን ኩሮሳዋ ከሺኖቡ ሃሺሞቶና ከሂዴዮ ኦጉኒ ጋር በመተባበር ያዘጋጀው ሲሆን፣ መነሻ ሐሳቡን በከፊል ያገኘው ሌቭ ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1886 ዓ.ም. ካሳተመው «የኢቫን ኢሊች ሞት» ነው። ካንጂ ዋታናቤን ሆኖ የተጫወተው ታካሺ ሺሙራ በዚያን ጊዜ የ47 ዓመት ሰው ነበር። ጃፓን ከጦርነቱ ሽንፈት በኋላ ከወደቀችበት የውጭ ጦር አስተዳደር የወጣችው በዚያው በ1952 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር እንደ ነበረ ይታወቃል። እንግዲህ ፊልሙ የተወለደው ብዙ ነገር ፈርሶ እንደገና በሚገነባበት፣ አሮጌው ጠረጴዛ ግን ከነወረቀቱ በቦታው በተገኘበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በአዲስ መልክ እንደገና መሠራቱም ያነሣው ጥያቄ በአንድ አገርና በአንድ ዘመን ብቻ የማይወሰን መሆኑን ያስረዳል።

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ሠላሳ ዓመት በአንድ ወንበር ላይ የደነዘዘ ሰው ሊለወጥ ይችላልን? ቢለወጥስ የለወጠው ምንድን ነው? ይህ የሥነ ልቡና ጠበብት ስለ ሰብእና ሲጽፉና ሲከራከሩ የኖሩበት ዓቢይ ጉዳይ ነው። የኪነ ጥበብን ገጸ ባሕርይ በሥነ ልቡና መመርመርም እንግዳ ነገር አይደለም። የሰውን የዕድሜ ደረጃዎች በማጥናት የታወቀው ኤሪክ ኤሪክሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ የስዊድናዊውን የኢንግማር በርግማንን ፊልም መርምሮ፣ ዶክተር ቦርግ የተባለውን አዛውንት ገጸ ባሕርይ ለትምህርቱ ማስረጃ አድርጎታል። ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገጸ ባሕርይ በሐኪም አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ አይደለም፤ ከምናየውና ከምንሰማው በቀር የተደበቀ ሕይወት የለውም። ስለሆነም ንድፈ ሐሳቡ በፊልሙ ላይ እንደሚፈርድ ሁሉ ፊልሙም በንድፈ ሐሳቡ ላይ እንዲፈርድ ዕድል መስጠት ተገቢ ነው።

ጭምብሉ

በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ሰብእናን የሚያመለክተው ቃል የመጣው ከላቲኑ «ፐርሶና» ሲሆን፣ የቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም ተዋናይ በመድረክ ላይ የሚያጠልቀው ጭምብል ነው። የስዊዘርላንዱ ጠቢብ ካርል ዩንግ ይህንኑ ቃል ወስዶ ሰው ለኅብረተሰቡ የሚያሳየውን ውጫዊ ገጽታ ሰይሞበታል። እንደ ዩንግ አባባል ጭምብሉ በራሱ ክፉ አይደለም፤ መምህሩም፣ ዳኛውም፣ ሹሙም ያለ እሱ ሥራቸውን ሊያከናውኑ አይችሉም። አደጋው የሚመጣው ሰው ጭምብሉን ራሱን አድርጎ ሲቆጥር ነው።

ዋታናቤ የዚህ አደጋ ፍጹም ምሳሌ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ የሕዝብ ጉዳይ ክፍል ኃላፊ ነው። ለሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከሥራው አንድ ቀን አልቀረም። በቤቱ ግድግዳ ላይ ለ25 ዓመት አገልግሎት የተሰጠው የምስጋና ወረቀት ተሰቅሏል። በመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት የሥራን ቅልጥፍና ለማሻሻል የተዘጋጀ የሐሳብ ማቅረቢያ ተቀምጧል። ዋታናቤ መሳቢያውን ይከፍትና ከዚያ ጽሑፍ አንዱን ገጽ ቀዶ ማኅተሙን ይጠርግበታል። ይህ ትዕይንት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ የሚናገረው ግን የአንድን ሰው ግማሽ ዕድሜ ነው። ሰውየው በወጣትነቱ ያስብ ነበር፤ ሐሳብ ያመነጭ ነበር፤ ዛሬ ግን ያ ሐሳብ የማኅተም መጥረጊያ ሆኗል።

በዚያው ቀን የአንድ ሠፈር እናቶች ማመልከቻ ይዘው ይመጣሉ። በመንደራቸው የተጠራቀመው ቆሻሻ ውሃ ልጆቻቸውን እያሳመመ ስለሆነ ተደፍኖ የልጆች መጫወቻ እንዲሠራበት ይለምናሉ። የሕዝብ ጉዳይ ክፍል ወደ ግንባታ ክፍል ይመራቸዋል፤ ግንባታ ወደ መናፈሻ፣ መናፈሻ ወደ ጤና፣ ጤና ወደ ንጽሕና፣ ከዚያም ወደ መንገድ፣ ወደ እሳት አደጋ፣ ወደ ትምህርት ሲያዞሯቸው ይውሉና በመጨረሻ ምክትል ከንቲባው በትሕትና መልሶ ወደ ሕዝብ ጉዳይ ክፍል ይልካቸዋል። ኩሮሳዋ ይህን ሁሉ ያሳየው ፊቶችን በፍጥነት በመቀያየር ነው፤ ባለጉዳዮቹ በየጊዜው አንድ ናቸው፤ የሚለዋወጠው ጠረጴዛው ብቻ ነው።

ጸባይን ከውጫዊ ምክንያት ብቻ ለመተንተን የሚሹት የባሕርየ ትምህርት ሊቃውንት፣ በተለይም አሜሪካዊው ስኪነር፣ እዚህ ላይ ቀላል ማብራሪያ አላቸው። የሚሸለም ድርጊት ይደጋገማል፤ የማይሸለም ይከስማል። በዋታናቤ መሥሪያ ቤት አንድን ጉዳይ ወደ ሌላ ክፍል መምራት ምንም አያስቀጣም፤ ጉዳዩን ይዞ መቆም ግን ያስጠይቃል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ከታለፈ በኋላ ዋታናቤ ከዋታናቤነት ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ማብራሪያው እውነት አለው። ጉዳዩን ከአንድ ሰው ስንፍና አውጥቶ ስንፍናን ወደሚያሳድገው አሠራር ያዞረዋልና። አሜሪካዊው ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ያስተማረውም በዚህ ላይ የሚጨመር ነው። ለአንድ ግብ መሣሪያ የነበረ ልማድ ከጊዜ በኋላ ከመነሻ ግቡ ተነጥሎ ራሱን የቻለ ፍላጎት ይሆናል ይላል። ማኅተም ባለጉዳይን ለማገልገል የተፈጠረ መሣሪያ ነበር፤ በዋታናቤ እጅ ግን ባለጉዳዩ ማኅተሙ እንዲያርፍ የመጣ ሰበብ ሆኗል። ቢሮክራሲ ማለት ይኸው የመሣሪያና የግብ መገለባበጥ ነው።

ሞቱ የተነገረው ሰው

ዋታናቤ የጨጓራ ሕመም ጠንቶበት ወደ ሆስፒታል ሲሄድ፣ በመጠባበቂያው ክፍል ያገኘው አንድ በሽተኛ ሐኪሞች ለጨጓራ ነቀርሳ በሽተኛ ምን እንደሚሉ ይነግረዋል፤ ቀላል ቁስል ነው፣ የፈለግኸውን ብላ ይላሉ ሲል ያስረዳዋል። ጥቂት ቆይቶ ሐኪሙ ያንኑ ቃል ለዋታናቤ ይደግምለታል። እንግዲህ እውነቱን የተረዳው በውሸቱ ነው። እዚህ ላይ ኩሮሳዋ ያሳየን አንድ ነገር አለ። ሐኪሙም እንደ ማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ባለጉዳዩን በተለመደ ቃል አሰናብቶታል። ሠላሳ ዓመት በጠረጴዛው ማዶ የኖረው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠረጴዛው ወዲህ ቆመ።

ዚግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1915 ዓ.ም. ሰው በንዑስ ኅሊናው የራሱን ሞት እንደማያምን፣ በውስጡ ራሱን ዘላለማዊ አድርጎ እንደሚቆጥር ጽፏል። ዋታናቤም እስከዚያች ቀን ድረስ ጊዜን ሲገድል የኖረው ጊዜ የማያልቅ መስሎት ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ በመንገድ ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ድምፅ ሁሉ ከፊልሙ ይጠፋል፤ ከዚያ የመኪኖቹ ጩኸት በድንገት ይፈነዳል። አንድ ሙሉ የሥነ ልቡና ምዕራፍ የሚያስፈልገውን መደናገጥ አዘጋጁ በድምፅ ብቻ ገልጾታል።

ማታ ቤቱ ገብቶ በጨለማ ሲቀመጥ ልጁ ሚትሱዎና ምራቱ አባትየው አለመተኛቱን ሳያውቁ ስለ ጡረታ ገንዘቡ ሲመክሩ ይሰማል። ሚስቱ የሞተችው ልጁ ሕፃን ሳለ ነው። ዋታናቤ የቀብር መኪናውን ተከትለው የሄዱበትን ቀን፣ የልጁን የኳስ ጨዋታ፣ ልጁ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት የገባበትን ዕለት፣ ለጦርነት የሸኘበትን ጣቢያ አንድ በአንድ ያስታውሳል። እነዚህ ትዝታዎች ሁሉ አንድ መልክ አላቸው፤ ልጁ በሚፈልገው ሰዓት አባት ትንሽ ይርቃል። ቀዶ ሕክምናው ሲደርስ እንኳ ሥራ አለብኝ ብሎ ይሄዳል።

ዋታናቤ በኋላ ለወጣቷ የሥራ ባልደረባው ለቶዮ ሲናገር፣ እንዲህ ደርቆ የቀረው ለልጁ ሲል መሆኑን ይገልጽላታል። የፍሮይድ ትምህርት ተከታዮች ለዚህ ስም አላቸው፤ ሰው የማይቀበለውን ምክንያት በተከበረ ምክንያት መሸፈኑ ነው። ቶዮ የሥነ ልቡና መጽሐፍ ያነበበች አይደለችም፤ ሆኖም ልጅዎ ድረቁልኝ ብሎ ስላልለመነዎት በእሱ አያመካኙ የሚል መንፈስ ያለው መልስ በሳቅ ትሰጠዋለች። ሊቃውንቱ በብዙ ገጽ የሚተነትኑትን መከላከያ ግንብ አንዲት የደመወዝተኛ ልጅ በአንድ ንግግር ታፈርሰዋለች። እውነተኛ ድራማ ማለት ይህ ነው።

ለሞት የተቃረቡ ሕሙማንን ያጠናችው ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ መካድን፣ ቁጣን፣ መደራደርን፣ ትካዜንና መቀበልን በቅደም ተከተል አስቀምጣለች። ከዚያ 17 ዓመት ቀድሞ የተሠራው የዚህ ፊልም ባለታሪክ በዚያ መሰላል ላይ በደንብ አይወጣም። ቁጣ አይታይበትም። ትካዜው ጥልቅ ነው፤ 50,000 የን ከባንክ አውጥቶ ከአንድ ልብ ወለድ ጸሐፊ ጋር በቶኪዮ የሌሊት ቤቶች ሲዞር ያድራል፤ አዲስ ባርኔጣ ይገዛል፤ በአንድ መጠጥ ቤት የወጣትነቱን ዘመን ዘፈን በዝግታ ሲያዜም እንባው ይወርዳል፤ በዙሪያው የሚጨፍሩት ሁሉ ጸጥ ይላሉ። በመጨረሻም መቀበል የሚለው ደረጃ ላይ ደረሰ ቢባል እንኳ የእሱ መቀበል በአልጋ ላይ የሚገኝ ሰላም አይደለም፤ ወደ ሥራ የሚያስነሣ እንጂ።

ጥንቸሏ

ቶዮ ከማዘጋጃ ቤቱ የምትለቀው ሥራው ሕይወት የሌለው በመሆኑ ነው። ለመልቀቂያዋ የዋታናቤ ማኅተም ያስፈልጋታልና ቤቱ ድረስ ትመጣለች። ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሁሉ ቅጽል ስም አውጥታላቸዋለች፤ ለዋታናቤ ያወጣችለት በመድኃኒት ደርቆ የሚቀመጥን የጥንት ሬሳ ስም ነው። ዋታናቤ ይህን ሲሰማ አይቆጣም፤ ይስቃል። ጭምብሉ የተሰነጠቀው በዚህ ሳቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ዋታናቤ ልጅቷን ይከተላታል። ቤተ ሰቡ የሽማግሌ ፍቅር መስሏቸው ያፍራሉ። የፍሮይድን ትምህርት በጥሬው የሚወስድ ሐያሲም እንደ ቤተ ሰቡ ሊሳሳት ይችላል። ዋታናቤ የፈለገው ልጅቷን ሳይሆን በልጅቷ ውስጥ ያለውን ሕይወት ነው፤ እንዴት እንዲህ ሕያው ልትሆን እንደቻለች ይጠይቃታል። እሷም ሌላ ምስጢር የላትም፤ በፋብሪካ የምትሠራትን በቁልፍ የምትጠመዘዝ የጥንቸል አሻንጉሊት አውጥታ በጠረጴዛው ላይ ታስኬዳታለች። ይህችን ስትሠራ ከጃፓን ሕፃናት ሁሉ ጋር የተወዳጀች ያህል እንደሚሰማት ትናገራለች፤ እርስዎስ አንድ ነገር ለምን አይሠሩም ትለዋለች። ዋታናቤ ጊዜው አልፏል ብሎ ያቀረቅራል። ዝም ይላል። ከዚያም ቀና ሲል አንድ ነገር ማድረግ እንደሚችል አስቧል። ጥንቸሏን ይዞ ደረጃውን ሲወርድ ከማዶ የተሰበሰቡት ወጣቶች ለአንዲት ጓደኛቸው የልደት መዝሙር ይዘምራሉ። የሚዘመርላት ልጅ ደረጃውን ስትወጣ፣ የተወለደው ግን የሚወርደው ሽማግሌ ነው።

ይህን ቅጽበት ለማስረዳት ሦስት ሊቃውንት ይቀርባሉ። ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዕድሜ በስምንት ደረጃዎች ከፍሎ፣ በሰባተኛው ሰው ለሚከተለው ትውልድ አንድ ነገር በማፍራትና በራሱ ውስጥ ረግቶ በመቅረት መካከል እንደሚታገል፣ በስምንተኛው ደግሞ ያለፈውን ሕይወቱን በሙሉ ልብ በመቀበልና በተስፋ መቁረጥ መካከል እንደሚቆም አስተምሯል። ዋታናቤ ሰባተኛውን ሳይወጣው ስምንተኛው ደረሰበት። ስለዚህ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ልጁን ማሳደግ ሳይሳካለት የቀረው አባት የማያውቃቸውን ልጆች መጫወቻ በመሥራት አባትነቱን ያጠናቅቃል።

ሁለተኛው በናዚ እስር ቤቶች ሦስት ዓመት ያህል የተሠቃየው የቪየናው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ነው። እሱ ሰው የሕይወትን ትርጉም የሚያገኝባቸውን ሦስት መንገዶች ዘርዝሯል፤ አንድ ነገር በመሥራት፣ አንድን ነገር ወይም ሰውን በማፍቀር፣ የማይቀር መከራ ሲመጣ ደግሞ በሚይዘው አቋም። ፊልሙ ሦስቱንም በአንድ ሰው ላይ አሰባስቧቸዋል። ይሁን እንጂ በዋታናቤ ዘንድ ትርጉም ከማሰላሰል አልመጣም፤ ቀድሞ ተከማችቶ ከነበረው የወረቀት ክምር ውስጥ ያንን የእናቶች ማመልከቻ ፈልጎ በማውጣት ጀመረ።

ሦስተኛው የሶቪየቱ ጠቢብ አሌክሲ ሌዎንትየቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ሰብእና በእንቅስቃሴ ውስጥ የሚፈጠር መሆኑን፣ መሠረቱም ሰው ለሥራው ያሉት ምክንያቶች አንዱ ከሌላው በላይ የሚቀመጡበት ሥርዓት መሆኑን ያስረዳል። በዚህ አስተያየት መሠረት አዲስ ሰው ለመሆን አዲስ አካልና አዲስ ጠባይ አያስፈልግም፤ የምክንያቶቹ ቅደም ተከተል ከተለወጠ ያው ሰው ሌላ ሰው ነው።

ከቀረቡት ሁሉ ከፊልሙ ጋር ይበልጥ የሚስማማው ይህ የመጨረሻው ነው። ማስረጃው ግልጽ ነው። ወደ ሥራው የተመለሰው ዋታናቤ ጀግና አልሆነም። አንደበቱ እንደ ቀድሞው የተሳሰረ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ማለቱ አልቀረም። ታጋሽነቱ፣ ዝምታው፣ በአንድ ቦታ ሳይነቃነቅ መቆየቱ፣ የጽሕፈት ቤት ሕይወት ያወረሰው ግትር ልማድ ሁሉ አለ። ነገር ግን ቀድሞ ባለጉዳይን ያደከመበትን ያንን ትዕግሥት አሁን ኃላፊዎችን ያደክምበታል። ፋይሉን ይዞ ከአንዱ ጠረጴዛ ፊት ይቆማል፤ አይናገርም፤ አይሄድም፤ ኃላፊው እስኪፈርም ድረስ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። የቦታውን ጥቅም የሚሹ ወሮበሎች ሕይወትህን አትወድም ወይ እያሉ ሲያስፈራሩት ፈገግ ይላል፤ ሞቱ የተነገረውን ሰው በሞት ማስፈራራት አይቻልምና። አንድ ባልደረባው ይህን ሁሉ ውርደት እንዴት እንደሚችለው ሲጠይቀው፣ ሰው ለመጥላት ጊዜ እንደሌለው ይመልሳል። ይህ ቃል ሲመዘን፣ ሠላሳ ዓመት ጊዜን ሲገድል የኖረው ሰው ጊዜን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሀብት መቁጠር መጀመሩን ያስረዳል።

ለቅሶ ቤቱ

ኩሮሳዋ ከዚህ በኋላ ያደረገው ብዙ አዘጋጆች የማይደፍሩት ነው። ፊልሙ 143 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ ገና ብዙ ሲቀረው ተራኪው ከአምስት ወር በኋላ ባለታሪኩ መሞቱን ያስታውቃል። የቀረውን የምናየው በለቅሶው ቤት ከተሰበሰቡት የማዘጋጃ ቤት ሰዎች አፍ ነው። መጫወቻው ተሠርቷል፤ ዋታናቤም የሞተው በዚያው መጫወቻ ውስጥ ነው። ምክትል ከንቲባው ሥራው የራሱና የባለሥልጣኖቹ መሆኑን ያብራራል፤ ሹሞቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ወዲያው ያ ማመልከቻ ያንከራተታቸው እናቶች ገብተው በሟቹ ሥዕል ፊት ያለቅሳሉ። ማንም አልጠራቸውም፤ ንግግርም አያደርጉም። ምክትል ከንቲባው ብዙም ሳይቆይ ተነሥቶ ይሄዳል።

ከዚያም ለቅሶው ወደ ሙግት ይለወጣል። አንዱ ነገሩ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው ይላል፤ ሌላው ሴት ወዳጅ ስለ ያዘ ነው ይላል፤ ሌላው ምርጫ ቀርቦ ስለ ነበረ ነው ይላል፤ በመጨረሻ አንዱ ሞቱን አውቆ እንደ ነበረ ይገምትና ሁሉም እፎይ ይላሉ። ይህ ለቅሶ ቤት ራሱ የሥነ ልቡና ጉባኤ ነው። እያንዳንዱ ተናጋሪ የራሱን ንድፈ ሐሳብ ያቀርባል፤ ዳሩ ግን ሁሉም ማብራሪያዎች አንድ ዓላማ ያገለግላሉ፤ እኛ ለምን እንደ እሱ አላደረግንም ከሚለው ጥያቄ ያድናሉ። «ሞቱን ስላወቀ ነው» የሚለው ትክክለኛው ማብራሪያ እንኳ ከእነዚህ ሰዎች አፍ ሲወጣ ሰበብ ይሆናል። የሚሞት ሰው ከሆነ ማንም ያደርገዋል ማለታቸው ነው፤ ራሳቸውን ከሚሞቱት ወገን ሳይቆጥሩ።

ለሥነ ልቡና አጥኚ ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያ የለም። ሰውን ማብራራት ከሰው ጥያቄ ማምለጫ ሊሆን ይችላል። መምህሩ «የዚህ ተማሪ ጠባይ ከቤቱ የመጣ ነው» ሲል፣ ኃላፊው «የዚህ ሠራተኛ ስንፍና ተፈጥሮው ነው» ሲል፣ ማብራሪያው ትክክል ቢሆን እንኳ የሚቀጥለውን ሥራ ካስቀረ ከለቅሶ ቤቱ ንግግር አይለይም።

በመጨረሻ አንድ የፖሊስ ባልደረባ የሟቹን ባርኔጣ ይዞ ይመጣል። በዚያች ሌሊት በበረዶው ውስጥ ዋታናቤን በመጫወቻው ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ያንኑ የድሮ ዘፈን ሲያዜም አይቶት፣ ሰካራም መስሎት ትቶት እንዳለፈ በጸጸት ይናገራል። ዘፈኑ በመጠጥ ቤቱ ሲዘፈን ልመና ነበር፤ በዥዋዥዌው ላይ ግን ምስጋና ነው። ቃሉ አልተለወጠም፣ ዜማውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዘፋኙ ያለበት ቦታ ነው። ልጁ ሚትሱዎ አባቱ የባንክ ደብተሩንና ማኅተሙን አስቀምጦለት መሄዱን አግኝቷል፤ ሕመሙን ሳይነግረን መሞቱ ጭካኔ ነው ብሎ ያዝናል። አባቱ ሊነግረው ሞክሮ እንደ ነበረና እሱ ራሱ ንግግሩን እንደ ቆረጠበት ግን አያስታውስም።

ሰካራሞቹ ሠራተኞች በሞቅታ ከነገ ጀምረው እንደ ዋታናቤ እንደሚሠሩ እያለቀሱ ይምላሉ። በነጋታው አንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ ይዞ ይቀርባል፤ በዋታናቤ ቦታ የተተካው አዲሱ ኃላፊ ወደ ሌላ ክፍል ይመራዋል። ኪሙራ የተባለው ወጣት ብቻ ከወንበሩ ተነሥቶ ይቆማል፤ ሁሉም ያዩታል፤ እሱም ቀስ ብሎ ይቀመጥና ከወረቀት ክምሩ ኋላ ይሰወራል።

ሚዛኑ

በዚህ መጨረሻ ላይ ፊልሙን መንቀፍ ይቻላል። አንድ ሐያሲ ኩሮሳዋ የአንድን ሰው ነፍስ አድኖ መሥሪያ ቤቱን እንዳለ ትቶታል፤ ለውጥን የግል ብርሃን አድርጎታል ሊል ይችላል። ነቀፋው ባዶ አይደለም። ዋታናቤ ከበላዮቹ ጋር ሲታገል ከባልደረቦቹ መካከል አንድ አጋር አላደራጀም፤ ዕውቀቱን ለኪሙራ እንኳ አላስተላለፈም። ሠርቶ ያለፈው መጫወቻ አንድ ነው፤ ቆሻሻ ውሃ የተጠራቀመባቸው ሠፈሮች ግን ብዙ ናቸው። ነገር ግን ፊልሙ ይህን ጉድለት አልደበቀም። ኪሙራ ተነሥቶ ተመልሶ ሲቀመጥ የምናየው ለዚህ ነው። አዘጋጁ ሰው ብቻውን ሊለወጥ እንደሚችል አሳየ፤ ብቻውን የተለወጠ ሰው ግን ሥርዓትን ይዞ እንደማይለወጥም በዚያው እጁ አሳየ። ተመልካቹን አጽናንቶ መሸኘት ቢፈልግ ኖሮ ፊልሙን በዥዋዥዌው ላይ መጨረስ በቻለ ነበር።

ከሥነ ልቡና ወገን ደግሞ የሚቀረው ፍርድ ይህ ነው። ባሕርየ ትምህርት ዋታናቤ እንዴት እንደ ደነዘዘ በሚገባ ያስረዳል፤ እንዴት እንደ ነቃ ግን አያስረዳም፤ አዲሱ ሥራው ከስድብና ከማስፈራሪያ በቀር ሽልማት አላስገኘለትምና። የፍሮይድ ትምህርት ራሱን ያታለለበትን መንገድ ይገልጣል፤ የቶዮን ጥንቸል ትርጉም ግን ያጠበዋል። ኤሪክሰን ዕዳውን ይነግረናል፤ ፍራንክል ዕዳው የሚከፈልበትን መንገድ ያመለክታል፤ ሌዎንትየቭ የተከፈለው በምን ዓይነት ገንዘብ እንደ ሆነ ያሳያል፤ ይኸውም በሥራ ነው። ከሞት ይልቅ ሥራ ሰውየውን እንደ ለወጠው የሚያስረዳው ቀላል ማስረጃ አለ። ሞቱን ካወቀባት ቀን አንሥቶ ጥንቸሏን እስካየባት ቀን ድረስ ዋታናቤ ያደረገው ነገር ቢኖር መጠጣት፣ መንከራተትና ማልቀስ ነው። ሞትን ማወቅ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው፤ ያቆመው ግን የሚሠራው ሥራ ማግኘቱ ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሰውን የሚለውጠው ሞት ብቻ ከሆነ በየጽሕፈት ቤቱ፣ በየክፍሉ፣ በየመድረኩ የሚገኘው ጤነኛ ሰው ሁሉ ተስፋ የለውም፤ ነቀርሳ እስኪይዘው መጠበቅ ይኖርበታል። የሚለውጠው ለሌላ ሰው የሚጠቅም ሥራ ከሆነ ግን ለዛሬ የሚያስፈልገው በመሳቢያው ውስጥ የቆየውን አንድ ማመልከቻ ማውጣት ብቻ ነው።

ፊልሙ የሚያበቃው በድልድይ ላይ ነው። ኪሙራ ከሥራ ሲመለስ ቆም ብሎ ከታች ያለውን መጫወቻ ያያል። ልጆች በዥዋዥዌው ይጫወታሉ፤ እናቶቻቸው ከቤት ሆነው ይጠሯቸዋል። ኪሙራ ምን እንዳሰበ ፊልሙ አይናገርም። በማግሥቱ ከወንበሩ ይነሣ ይሆን፣ ተነሥቶስ ቆሞ ይቀር ይሆን የሚለው ጥያቄ ከአዘጋጁ እጅ ወጥቶ ወደ ተመልካቹ ጠረጴዛ ተመርቷል። ይህ ጉዳይ ወደ ሌላ ክፍል የሚመራ አይደለም።